ሰርኬ ባንኮክ

ኮልፌ፣ መስከረም 27 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድህ ለዳኛቸው መሸሻ፣

ይህ ወረቀት በደህና ቀን፣ በሙሉ ጤናህ ይድረስህ። አዲሱን ዓመት እግዚአብሔር የሰላምና የበረከት ያድርግልህ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ፤ እሱም ክረምቱ ሲወጣ ኩርፊያውን ቀንሷል። ለመስቀል አገር ቤት ወርጄ አባትህን ጋሼ መሸሻን አገኘሁት፤ ደህና ነው። ሰዉ «ልጅህ መቼ ነው መሐንዲስ ሆኖ የሚመጣው?» ሲለው «የውሃ ትምህርት ጊዜ ይፈልጋል» ብሎ ይመልሳል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ሌላው ሰው ውጭ አገር ላለ ዘመዱ ሲጽፍ ሰዓት ላክልኝ፣ ኮት ላክልኝ ይላል። የእኔ ልመና ከዚያ ይቅለል ወይም ይክበድ አላውቅም። ፌርማታው ፊት ለፊት ያለችውን ምግብ ቤቴን ታውቃታለህ፤ እናትህ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «የአጎቴ ልጅ ናት፣ እሷ ዘንድ ሆነህ ተማር» ብላ ከላከችህ ጀምሮ ሳህን ያጠብክባት ናት። ዘንድሮ በግራዬ አንድ፣ በቀኜ ሁለት ምግብ ቤት ተከፈተ። ሁሉም ሽሮ፣ ሁሉም ፓስታ፣ ሁሉም ጥብስ። አንደኛው ራዲዮ ገዛና ሰዉ ወጡን ትቶ ዘፈኑን ሊበላ ይገባል። እኔ በሬ ላይ ቆሜ አውቶቡስ እቆጥራለሁ።

እስከ ፋሲካ እንዲህ ከቀጠለ ቤቱን ለባለቤቱ መልሼ አገር ቤት ወንድሜ ጋ መግባቴ ነው። ሃያ ዓመት በገዛ ምድጃዋ የኖረች ሴት በሰው ማጀት ቆማ «ጨው ልጨምር ወይ?» እያለች ስትለምን ይታይህ። ከዚያስ ይሰውረኝ።

አምና በጻፍክልኝ ደብዳቤ የዚያ አገር ሰው መንገድ ዳር ቶሎ ተሠርቶ በርካሽ የሚሸጥ ምግብ እንደሚበላ፣ በሙዝ ቅጠል ጠቅልሎም ወደ ቤቱ ይዞ እንደሚሄድ ነግረኸኝ ነበር። አሠራሩን ጻፍልኝ። ኮልፌ ቀምሶ የማያውቀውን ነገር ካላቀረብኩ ራዲዮውን አልችለውም።

አክስትህ ሰርኬ ዱባለ


ባንኮክ፣ ኅዳር 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ ዱባለ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ። እኔ በእርስዎ ጸሎት ደህና ነኝ። እዚህ ዝናቡ አባርቷል፤ ሙቀቱ ግን ልብስ ታጥቦ ሳይሰጣ በሰው ገላ ላይ የሚደርቅበት ነው።

የጠየቁኝን በደስታ እጽፋለሁ። ጎድጓዳ የብረት መጥበሻ ይፈልጉ። እሳቱ ኃይለኛ ይሁን፤ ከአጠገቡም ለአፍታ አይራቁ፤ አንድ ሰው ጠርቶዎት ዘወር ካሉ አለቀ። ቀጭኑን ፓስታ ከግማሽ በታች ብቻ ቀቅለው ያውጡት፤ የቀረውን መጥበሻው ይጨርሰዋል። ነጭ ሽንኩርት በዘይት ያስጩኹ፣ ፓስታውን ይጨምሩ፣ እንቁላል ሰብረው በዳር በኩል ያማስሉ። ከሐረር የሚመጣውን ኮምጣጣ ፍሬ፣ ሁመርን፣ በውሃ ዘፍዝፈው ጭማቂውን ከጥቂት ስኳር ጋር ያፍስሱበት። ሲወጣ የተቆላና የተወቀጠ ለውዝ ከላይ፣ ሎሚና ቃሪያ ከጎን። ከመጥበሻው ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ ሰውየው። መቆየት አይወድም።

ሩዝም አለ፤ በደቃቁ የተከተፈ ሥጋ ከበሶብላ ጋር ጠብሰው ያደርጉበታል። ሾርባውም በጠጅ ሳርና በዝንጅብል ነው። እትዬ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ጊዜ የአገሬን ሽታ ዳግመኛ የማላገኘው መስሎኝ ነበር፤ ለካ በሶብላውም ጠጅ ሳሩም ገበያ ላይ ተቆልሎ ይጠብቀኝ ኖሯል።

እዚያ የማይገኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨው ጨው የሚል ቡናማ ውሃ። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ጥሩነህ የሚባል የአገራችን ልጅ አለ፤ በእሱ እጅ አንድ ካርቶን ጠርሙስ ልኬልዎታለሁ። ለአንድ ሳህን አንድ ማንኪያ ይበቃል። ሽታው አያስደንግጥዎ፤ እሳት ሲነካው ይለወጣል።

ትምህርቱ ደህና ነው። ለአባባ ደህና ነው ይበሉልኝ።

ዳኛቸው


ኮልፌ፣ ጥር 3 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድህ ለዳኛቸው፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰህ፤ ያለህበትን አገር ሰላም ያድርገው። እኔ ጤናዬ ከወትሮው ይበልጣል፤ ምክንያቱን ልንገርህ።

መጀመሪያ አዋረድከኝ። ጥሩነህ ሳይደርስ ቸኩዬ ሾርባውን ሠራሁ፤ ጠጅ ሳሩን እንደ ጎመን ከትፌ ጨመርኩት። ተፈልቶ እንደሚወጣ መች ነገርከኝ? የእድራችን ዳኛ አቶ ወልደሰንበት፣ ኮሪያ የዘመተው፣ ሳሩን ከጥርሱ መሃል እየመዘዘ «ሰርኬ፣ እኔ በሬ ነኝ?» አለና ባርኔጣውን አንስቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ በበሬ አላለፈም።

ቀጥሎ ጠርሙሶቹ መጡ። የመጀመሪያውን ስከፍተው ቆሼ ተነስቶ ማጀቴ የገባ መሰለኝ። ልደፋው ነበር። ግን እሳት ሲነካው ይለወጣል ብለሃልና ታገስኩ፤ እውነትም ተለወጠ። ዳኛቸው፣ ምን ልበልህ፣ ያንን ፓስታ የቀመሰ ሰው ሳህኑን በጣቱ ጠርጎ ነው የሚነሳው። ዋጋው ከጎረቤቶቼ ሽሮ አይበልጥም። ከአስኮ ከሥራ የሚመለሱት ከአውቶቡስ ወርደው መጀመሪያ እኔ ጋ ይገባሉ፣ ከዚያ ወደየቤታቸው።

ይዘው ለሚሄዱት ምን ልስጥ ብዬ አልተጨነቅኩም። እዚያ በሙዝ ቅጠል ይጠቀልላሉ ብለኸኝ የለ? እኛ ጉራጌዎች በእንሰት ቅጠል መጠቅለል ከማን ልንማር ነው! ከአገር ቤት ኮባ አስመጣሁ፤ በእሳት ለብለብ አድርጌ ስጠቀልልበት ሙቀቱን እስከ ቤታቸው ይጠብቃል። ሰዓሊ ጠርቼ በበሩ ላይ «የታይላንድ ምግብ ቤት» አስጻፍኩ፤ ሰዉ ግን ሰርኬ ባንኮክ እያለ ነው የሚጠራኝ። የአውቶቡሱ ቲኬት ቆራጭ ሳይቀር ፌርማታው ሲደርስ «ባንኮክ ወራጅ አለ?» ብሎ ይጮሃል። ኮራሁ፤ ብኮራስ?

አሁን ሁለት ነገር ንገረኝ። ሁዳዴ የካቲት 6 ቀን ይገባል፤ የእድሩ ሰዎች የጾም አዘጋጂልን ብለውኛል። ያለ እንቁላልና ያለ ሥጋ እሠራዋለሁ፤ ግን የጠርሙሱ ውሃ ከምን እንደሚሠራ አልጻፍክልኝም። እሱን አስታውቀኝ። ሁለተኛው፣ ቀን ሙሉ መጽሐፍ ላይ የሚውል ልጅ ፓስታ እሳት ላይ ሳለ ለአፍታ እንኳ ዘወር እንደማይባል ከየት አወቀ?

ሰርኬ


ባንኮክ፣ ጥር 22 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

ከፍ ያለ ሰላምታዬ ይድረስዎ። ደብዳቤዎን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የቲኬት ቆራጩንማ ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አነበብኩት። ጠጅ ሳሩን በሙሉ ዘንጉ አስረው ይቀቅሉና ሳያቀርቡት በፊት ያውጡት፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

የጠርሙሱ ከባሕር የሚወጣ ጨው ነው። እዚህ ያለ እሱ ምንም አይበስልም። አይጨነቁ።

ፈተና ስለደረሰ ረጅም አልጻፍኩም። ለአባባ ደህና ነው ይበሉልኝ።

ዳኛቸው


ኮልፌ፣ መጋቢት 2 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዳኛቸው፣

ሰላምታዬን ለሌላ ቀን አቆይቼዋለሁ።

«ከባሕር የሚወጣ ጨው ነው» አልከኝ፤ አመንኩህ። ከሁዳዴ መጀመሪያ አንስቶ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የጾሙን ፓስታ በአንተ ጠርሙስ እያጣፈጥኩ አቀረብኩ። ቤቱ ጢም አለ። ከቅዳሴ የሚወጣው ሁሉ ወደ እኔ ነው፤ ባለ ራዲዮው ጎረቤቴ ራዲዮውን ዘግቶ ሰልፉን ሲያይ ይውላል።

ባለፈው ረቡዕ አቶ ወልደሰንበት ኩርፊያውን ትቶ መጣ። አንዴ ጎረሰ። ሁለተኛውን ሳይውጥ ማንኪያውን አስቀመጠና «ሰርኬ፣ ይህን አውቀዋለሁ። ኮሪያ ሳለን ከጎናችን የሰፈሩት የታይላንድ ወታደሮች ሩዛቸው ላይ የሚያንጠባጥቡት ይህንኑ ነበር። ዓሣ ነው፤ በጨው ተቀብሮ ከርሞ የሚወጣው ውሃው ነው» አለ። ለክፋት አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። ግን ሁሉም ሰማ።

አንዱ «ዓሣ አያስገድፍም» አለ፤ ሌላው «ሁዳዴን? ሁዳዴን ነው የምትለው?» ብሎ ጮኸበት። እማማ ወለተጻድቅ ጥግ ላይ ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ሁዳዴን ገድፈው አያውቁም። እጃቸውን እያዩ እንባቸው ወረደ። እኔ ያንን ፊት እስክሞት አልረሳውም።

«ከባንኮክ የላከልኝ ልጅ ነው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። «ያበላኋችሁ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው» አልኩና መጥበሻውን ከእሳቱ አወረድኩ። ከዚያ ወደ ንስሐ አባቴ ወደ አባ ተክለማርያም ሄድኩ። «ሳያውቁ የበሉት ዕዳ የለባቸውም፤ ሳትጠይቂ ያበላሽው አንቺ ነሽ» አሉኝ። «ጠይቄ ነበር አባቴ» የሚለው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት። ስግደት ሰጡኝ፤ በዚህ ጉልበቴ። ቤቱን እስከ ፋሲካ ዘግቼዋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ሰው ይመለስ እንደሆነ አላውቅም፤ ካልተመለሰ ዕቃዬን ጭኜ ወደ ወንድሜ ነው።

ያኛውንም ጥያቄዬን ዘለኸዋል። አሁን ለሁለቱም መልስ ስጠኝ። እዚያ አገር የምትሠራው ምንድን ነው?

ሰርኬ


ባንኮክ፣ መጋቢት 20 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

ይቅርታዎን እለምናለሁ። እግርዎ ላይ እንደወደቅሁ ይቁጠሩልኝ።

ዓሣ ነው። አቶ ወልደሰንበት እንዳሉት ነው። መጀመሪያ ስልከው ጾም የሚባል ነገር ትዝ አላለኝም፤ አራት ዓመት ሙሉ ሁዳዴ ገባ፣ ወጣ የሚለኝ ሰው አጠገቤ የለም። እርስዎ ሲጠይቁኝ ግን ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ይዤ ተቀመጥኩ። ዓሣ ነው ብል ጠርሙሱን ይደፉታል፣ ቤትዎም ይዘጋል ብዬ ፈራሁ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ፣ እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ከእጄ ወጥቶ ያማረ ነገር የእርስዎ ምግብ ቤት ብቻ ነበር። እሱን ማጣት አልቻልኩም።

እትዬ፣ ተማሪ አይደለሁም። በሁለተኛው ዓመት ሒሳቡ አቃተኝ፤ ትምህርት ቤቱ አሰናበተኝ። አባባ «ውሃ ሊያወጣልን ሄደ» ሲሉ፣ አገሩም ሁሉ ይህንኑ ሲያወራ እንዴት ብዬ ልጻፍ? ማሊ የምትባል ባልቴት ቦይ ዳር ትንሽ ምግብ ቤት አላት። ሳህን ለማጠብ ገባሁ፤ ሳህን ማጠብ የተማርኩት እርስዎ ዘንድ ነው። ከስድስት ወር በኋላ መጥበሻውን ሰጠችኝ። አሁን እሳቱ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። ጠዋት የገበያ ሴቶች፣ ቀትር ላይ ተማሪዎች፣ ማታ ደግሞ ድስታቸውን ይዘው የሚሰለፉ እናቶች። በቀን ሁለት መቶ ሰው ከእጄ ይበላል። ማሊ ለእንግዳ ስታሳየኝ «ጥቁሩ ልጄ» ትላለች። ደስ ይለኛል። ይህንን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ በእኛ አገር ወንድ ልጅ ባሕር ተሻግሮ ወጥ ሠሪ ሆነ ቢባል አባባ ከሰው ፊት እንዴት ይቆማሉ?

አንድ ነገር ግን ልንገርዎ። እዚህም ከሥጋና ከዓሣ የሚጾሙ ቻይኖች አሉ። ዓሣው በሚገባበት ቦታ እነሱ አተር ቀቅለው፣ በጨው አክርመው፣ ሲኮመጥጥ ይጠቀሙበታል። ጣዕሙ ይቀራረባል። ከእንግዲህ የማውቀውን ሁሉ እንደሆነው ነው የምጽፍልዎ።

ለአባባ ይንገሩ ወይም አይንገሩ አልልዎትም። እርስዎ እንዳሉት ይሁን።

ዳኛቸው


ባንኮክ፣ ግንቦት 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ሰርኬ፣

ፋሲካው በሰላም እንዳለፈልዎ ተስፋ አደርጋለሁ። ሁለት ወር ሙሉ ከእርስዎ ምንም አላገኘሁም። ፖስታ ቤቱ ሰልችቶኝ፣ ሠራተኛውንም አሰልችቼው፣ ከመስኮቱ ሆኖ በእጁ «የለም» ይለኛል። ተቀይመውኝ ከሆነ ተቀይሜሃለሁ ብለው ይጻፉልኝ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? ቤቱስ?

ዳኛቸው


ኮልፌ፣ ሰኔ 18 ቀን 1964 ዓ.ም.

ለምወድህ ለልጄ ለዳኛቸው መሸሻ፣

የመድኃኔ ዓለም ሰላም ከአንተ ጋር ይሁን፤ እጅህን ከእሳት፣ እግርህን ከክፉ ይጠብቅልህ። ዝም ያልኩህ ተቀይሜ ነው። ሦስት ሳምንት ተቀየምኩህ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ በዝቶብኝ ነው።

በፋሲካ ማግስት በሩን ከፈትኩ። ሰኞ ማንም አልመጣም። ማክሰኞ አንድ መንገደኛ ሽሮ አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ረቡዕ ዕቃ መጠቅለል ጀመርኩ፤ ከብርጭቆዎቹ ነበር የጀመርኩት። አቶ ወልደሰንበት ገባና የጠቀለልኩትን አይቶ «ምን ማለትሽ ነው? አሁን ፍስክ ነው። ያንን የኮሪያውን አምጪልኝ፣ ዓሣውን ሳትሰስቺ» አለኝ። በር ላይ ተቀምጦ ሰው ሁሉ እያየው በላ። በሳምንቱ ወንበር ጠፋ።

ለእኔ ግን ያ አልበቃኝም። የእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሳሁ። «ከእንግዲህ የሰርኬ መጥበሻ ሁለት ነው፤ አንዱ የፍስክ፣ አንዱ የጾም። የየትኛውም ጠርሙስ ከምን እንደተሠራ በር ላይ ተጽፎ ይለጠፋል» አልኩ። ቀጥዬ ስለ አንተ ተናገርኩ። አንተው «እርስዎ እንዳሉት ይሁን» ብለሃልና አልኩ። «መሐንዲስ ነው ያልኳችሁ ዘመዴ መሐንዲስ አይደለም፤ ወጥ ሠሪ ነው። በሰው አገር፣ በሰው ቋንቋ፣ በቀን ሁለት መቶ ሰው ያበላል። የሚስቅ ካለ አሁን ይሳቅ፤ ነገ ለምሳ ሲመጣ እንዳይስቅብኝ።» አንድም ሰው አልሳቀም።

አተር ቀቅለው በጨው ያከርማሉ ብለህ የጻፍከውን ሳነብ ደግሞ ራሴን መታሁ። ስልጆ አይደለም እንዴ! የባቄላ ዱቄት አገንፍተን፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ጨምረን፣ እስኪኮመጥጥ የምናከርመው ስልጆ! ለዚህ ነው ባሕር የተሻገርነው? ቀጠን አድርጌ አጠለልኩት፣ ጨው ጨመርኩበት፣ መጥበሻው ላይ አፈሰስኩት። እንደ አንተ ጠርሙስ አይደለም፤ ሌላ ነው፤ ግን ሳህን በጣት ያስጠርጋል። የሰኔ ጾም በገባ በሦስተኛው ቀን አንድ ሳህን ሠርቼ እማማ ወለተጻድቅ ቤት ድረስ ይዤ ሄድኩ። ባቄላውን፣ ሰናፍጩን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ቆጠርኩላቸው። ሰምተው ሲጨርሱ አማተቡና በሉ። ጨርሰው «ነገም አምጪልኝ» አሉኝ። ልጄ፣ እንደዚያን ቀን አልቅሼ አላውቅም።

አሁን የአባትህን ልንገርህ። ላክሁበት። መጣ። ስለ አንተ ያለውን ሁሉ፣ ሒሳቡንም ባልቴቲቱንም፣ በገዛ አፌ ነገርኩት። ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠ። እኔም ወደ እሳቱ ሄጄ ሠራሁለት፤ አንተ እንደጻፍክልኝ፣ ለአፍታ ሳልርቅ። በላ። ሁለተኛ ጨመርኩለት፤ በላ። ይሄን ጊዜ ከጎኑ የተቀመጠ የአስኮ ሰው፣ ለጨዋታ ያህል፣ «አባቴ፣ ይቺን ሴትዮ ይህን ሙያ የትኛው ፈረንጅ አስተማራት ይላሉ?» አለው።

አባትህ አፉን ጠረገና፣ ቤቱ ሁሉ እስኪሰማ፣ «ፈረንጅ አይደለም። አስተማሪዋ ልጄ ነው» አለ።

ይኸው ነው። አድራሻህን በኪሱ ይዞ ሄዷል፤ የሚጽፍለት ሰው ይፈልጋል። አንተ ግን አትጠብቀው፤ ቀድመህ ጻፍለት። ደህና ነው ይበሉልኝ የሚለው አይበቃም፤ መጥበሻውን፣ ቦዩን፣ ድስት ይዘው የሚሰለፉትን እናቶች፣ ሁሉንም ጻፍለት። ሰው በሙሉ እየጠየቀው ነው፤ የሚናገረው ይፈልጋል።

አክስትህ ሰርኬ ዱባለ